ሌሊት ሌሊት የሚጠፋው ኅዳር

የወር ሪፖርት የሚጠራቀምበት አንድ ፎልደር ነበር። ለፋይሎቹ ስም የሚያወጡት ብዙ ሰዎች ስለሆኑ አንዱ «ኅዳር»፣ ሌላው «ህዳር»፣ ሌላው ደግሞ «ሕዳር» ብሎ ይጽፋል። ለእኛ አንድ ወር ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። እነዚህን ለቅሞ ወደ መጠባበቂያ ዲስክ የሚገለብጥ የሼል ስክሪፕት ተጻፈ። «*ዳር*» ቢባል ኮከቧ የፈለገችውን ያህል ፊደል ስለምትውጥ የባሕር ዳር ቅርንጫፍ ሪፖርትም አብሮ ይግበሰበሳል። ስለዚህ የአንድ ፊደል ቦታ ብቻ የምትይዘው የጥያቄ ምልክት ተመረጠች፦ «?ዳር*»።

ቀን በእጅ ሲሞከር ሦስቱም ተገኙ። ሌሊት የቀጠሮ ሥራዎችን የሚያስነሳው ክሮን ሲያስነሳው ግን አንድም ፋይል አልተገለበጠም።

ሎጉ ላይ የቀረው «?ዳር* የሚባል ፋይል የለም» የሚል መስመር ብቻ ነው። ይህ መስመር ሲታይ ተራ ይመስላል እንጂ ብዙ ይናገራል። ፓተርኑን በፋይል ስም የሚተካው ገልባጩ ትእዛዝ ሳይሆን ሼሉ ነው፤ እዚህ ያለው ሼል ባሽ ደግሞ የሚገጥም ስም ሲያጣ ፓተርኑን እንዳለ ለትእዛዙ ያቀብለዋል። እንግዲህ ፍለጋው የከሸፈው ገና ሼሉ ጋ ነው። መጀመሪያ የተጠረጠረው ስክሪፕቱ ሌሊት የሚሠራበት ፎልደር ነበር። ስክሪፕቱ ያለበትን ቦታና በዚያ ያሉትን ፋይሎች ሌሊት እንዲመዘግብ ሲደረግ ቦታውም ልክ፣ ፋይሎቹም በቦታቸው ሆነው ተገኙ።

ከዚያ የቀኑና የሌሊቱ ኢንቫይሮመንት ጎን ለጎን ተነበቡ። በክሮኑ በኩል ሎኬሉን፣ ማለትም ሼሉ ፊደልን በምን ዓይነት አጻጻፍ እንደሚያነብ የሚነግረውን ቅንብር፣ የሚገልጸው መስመር የለም። ያ ሲጎድል ባሽ «ሲ» ወደሚባለው ነባር ሎኬል ይመለሳል። ቀን ላይ ሆን ብዬ ሎኬሉን ወደ «ሲ» ቀየርኩና የተሰጠውን መልሶ በሚጽፈው ትእዛዝ «ኤኮ ?ዳር*» አልኩ፤ ፓተርኑን እንዳለ መልሶ ጻፈልኝ። «???ዳር*» ስለው ግን ሦስቱም ኅዳሮች ተደርድረው ወጡ!

ሦስት የጥያቄ ምልክት ለአንድ ፊደል። ፊደል ወደ ባይት በሚለወጥበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ «ኅ» 225፣ 138፣ 133 የሚሉ ሦስት ባይቶች ናት፤ «ህ» 225፣ 136፣ 133፤ «ሕ» 225፣ 136፣ 149። «ሲ» ሎኬል የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል ስላልሆነ አንዷ የጥያቄ ምልክት 225ን ብቻ ትይዛለች፤ ቀጥሎ «ዳ» ስትጠበቅ 138 ወይም 136 ይመጣል።

ነገሩ ሥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1971 ቤል ላብስ ውስጥ የመጀመሪያው የዩኒክስ እትም ሲወጣ ኮከብንና የጥያቄ ምልክትን የሚተረጉመው ግሎብ የተባለ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነበር፤ በ1979ኙ ሰባተኛ እትም ሥራው ወደ ቦርን ሼል ገባ። ያን ጊዜ አንድ ፊደል ማለት አንድ ባይት ነው፤ ሁለቱን ለይቶ ማሰብ አላስፈለገም። ፊደል በብዙ ባይት የሚጻፍበትን ዩቲኤፍ-8ን በ1992 ከሮብ ፓይክ ጋር የነደፈው ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ ኬን ቶምሰን መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ደግሞ በ1999 ነው። እንግሊዝኛ የፋይል ስም ብቻ የሚጠቀም ሰው ይህን ልዩነት ዕድሜውን ሙሉ ላያየው ይችላል፤ በአማርኛ የሚሰይም ግን በመጀመሪያው ሌሊት ይጋፈጠዋል።

መፍትሔው ስክሪፕቱ መግቢያ ላይ ሎኬሉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚያውጅ አንድ መስመር ነው። ሦስት የጥያቄ ምልክት መደርደርም ለሌሊቱ ይሠራ ነበር፤ ቀን ግን ሦስት ፊደል ፍለጋ ይሄዳል። መስመሩ ከገባ በኋላ የጥያቄ ምልክቷም ቀረች። «አዳር» ብሎ የሚጀምር የተረኞች ዝርዝር ቢመጣ እሱንም ትለቅመዋለችና «[ህሕኅ]ዳር*» ተተካ። ቅንፉ ውስጥ ያሉት አሁን ሦስት ፊደላት ናቸው፤ በ«ሲ» ሎኬል ቢሆን ኖሮ የባይት ክምር ሆነው አንድም ኅዳር አያገኙም ነበር።