ያውቁ ኖሯል? ምላጭ፣ አረፋና የጎጃም ጢም

ጢም መላጨት ለብዙዎቻችን ከቤት ከመውጣታችን በፊት ቶሎ የምንገላገለው ሥራ ነው። ባሕር ማዶ ግን ነገሩን እንደ ቡና ሥርዓት ረጋ ብለው የያዙት ሰዎች በርክተዋል፤ ብሩሽ ያርሳሉ፣ ሳሙና ይመታሉ፣ ባለ አንድ ምላጭ መላጫ ይዘው መስታወት ፊት ሩብ ሰዓት ይቆማሉ። ይህንንም የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ብለውታል። ቢቸና ወይም ሞጣ ተቀምጦ ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ አባቶቻችን ሲላጩ የኖሩት በምን ኖሯል?» ቢል አይፈረድበትም። ለማንኛውም ስለ ጢምና ስለ ምላጭ የለቃቀምናቸውን እነሆ።

ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚገኙ ውሃ የሚፈላባቸው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ለመላጨት ግን የፈላ ውሃ ማን ፈለገ? እጅ የሚችለው ሙቀት ይበቃል። ዋናው ጊዜው ነው። ደረቅ ጢም ግትር ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲርስ ግን ውሃውን ይጠጣና ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ለመቆረጥም የሚጠይቀው ጉልበት በእጅጉ ይቀንሳል። ጠዋት ፊቱን በጭብጥ ውሃ አበስ አድርጎ ምላጭ የሚጎትት ሰው ከቆዳው ጋር እየተጣላ ነው።

ፀጉር ከብረት 50 ጊዜ ያህል የሚለሰልስ ሆኖ ሳለ ብረቱን እንደሚሸርፈውስ? የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ይህን በማይክሮስኮፕ አሳይቷል። ምላጭ የሚዶለዱመው በዝግታ ተፍቆ ብቻ አይደለም፤ ፀጉሩ ዘንበል ብሎ ሲያገኘውና ብረቱ ወጥ ያልሆነበት ቦታ ላይ ሲያርፍ ጠርዙ ጥቃቅን ስብርባሪ እየሆነ ይረግፋል። «ይሄ ምላጭ ዛሬ ምን ነካው?» ሲሉ የከረሙ መልሱ ጢምዎ ውስጥ ነበር።

ምላጭ ከብረት በፊት ድንጋይ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ባልጩት ሲሰበር የሚያወጣው ጠርዝ ከብረት ስለት የሳሳ ነው። በኦሪት ዘጸአት የሙሴ ሚስት ሲፓራ ልጇን የገረዘችው በባልጩት ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ደግሞ በባልጩትና በመሰል ድንጋዮች ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ስለነበሩ፣ የጥንት ሰው መሣሪያውን እንዴት ይይዘው እንደነበር ለማወቅ የዓለም አርኪዮሎጂስቶች ዛሬም የሚጠቅሱት እነርሱን ነው።

ለመላጫ አረፋ የዝናብ ውሃ የሚስተካከለው የለም። የጉድጓድና የምንጭ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ሲበዛበት ሳሙናውን ይዞ ነጭ ዝቃጭ ያደርገዋል እንጂ አረፋ አይሰጥም። ከቆርቆሮ ጣሪያ በበርሜል የተጠራቀመ የክረምት ውሃ ግን ያ ሁሉ ስለሌለበት ትንሽ ሳሙና ብዙ አረፋ ያወጣበታል። የልብስ አጣቢ እናቶች ይህን ያለ ኬሚስትሪ ያውቁታል።

ባሕር ማዶ ያሉ የዚህ መዝናኛ አፍቃሪዎች አረፋ መምቻ ብለው በብዙ ገንዘብ የሚገዙት ዕቃ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሸክላ ሳህን! ውስጡ ሸካራ እንዲሆን ተጭሮ የተሠራ፤ ሸካራው ብሩሹን እየያዘ አየር ከሳሙናው ጋር ስለሚያዋህድ። የጎጃም ሸክላ ሠሪ ሴቶች የሚሠሩትን ጣባ ያየ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሸክላው ሙቀትም ይይዛል፤ በሙቅ ውሃ ቀድሞ ከተለቀለቀ አረፋው እስከ ሁለተኛው ዙር ለብ እንዳለ ይቆያል።

የዛሬውን ቀጭን ባለ ሁለት አፍ ምላጭ ለዓለም ያስተዋወቀው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ከዚያ በፊት የቆርኪ ሻጭ ነበር። አዎ፣ የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ። አንዴ ተከፍቶ የሚጣል ነገር ሰውን መልሶ ገበያ እንደሚያመጣው ከዚያ ተምሯል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1903 የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ግን መላጫው ከ90 ሺህ፣ ምላጩ ከ120 ሺህ አለፈ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫና 32 ሚሊዮን ምላጭ ሲያዝ ነገሩ አበቃ፤ አንድ ትውልድ ሙሉ ራሱን በራሱ መላጨት ለምዶ ተመለሰ። ከሁሉ የሚገርመው ልኩ አለመለወጡ ነው። ዛሬ ከሞጣ ሱቅ የተገዛ ባለ ሁለት አፍ ምላጭ የጀርመን ሥሪት መላጫን ይገጥማል፤ አያት ከሳጥን ሥር ያስቀመጡትንም እንዲሁ።

ባለ ሦስት ምላጭ መላጫ ከመፈልሰፉ በፊት መቀለጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ትርዒት በመጀመሪያው ዝግጅቱ፣ ሰው ያቀረቡለትን ሁሉ ያምናል ለማለት ባለ ሦስት ምላጭ መላጫ የሚያስተዋውቅ የፌዝ ማስታወቂያ አሳየ። ከ23 ዓመት በኋላ ጂሌት ማክ 3ን ከምሩ ለገበያ አወጣው። ከዚያ አምስት ምላጭ መጣ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ነገሩ እኛን በቀጥታ ይመለከታልና። ብዙ ምላጭ የተደረደረበት መላጫ የሚሠራው የመጀመሪያው ፀጉሩን ሳብ ሲያደርገው ተከታዩ ከቆዳው በታች እንዲቆርጠው ነው። ለጠጉረ ለስላሳው ፈረንጅ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ጢሙ ጥቅልል ለሆነ ሰው ግን ከቆዳ በታች የተቆረጠው ሹል ጫፍ ሲያድግ ወደ ውጭ በመውጣት ፈንታ ተጠማዞ ሥጋውን ይወጋል። አገጭና አንገት ላይ የሚወጣው ያ የሚያሳክክ ሽፍታ ብዙ ጊዜ የቆሻሻ ወይም የመጥፎ ሳሙና ውጤት አይደለም፤ የገዛ ፀጉራችን ነው። የአሜሪካ ጦር ጢም አልባ ፊትን በደንብ ቢያዝም፣ በዚህ ምክንያት ለሚቸገሩ ወታደሮች፣ በተለይ ለጥቁሮቹ፣ ለብዙ ዓመታት የሐኪም ፈቃድ ሲሰጥ ኖሯል። የቆዳ ሐኪሞች ምክር ቀላል ነው፦ አንድ ምላጭ፣ ወደ ፀጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ፣ ቆዳን ሳይወጥሩ። በእኔ እምነት ባለ አምስቱን መላጫ በውድ ገዝቶ አንገቱን ከሚያሳብጥ ጎልማሳ ይልቅ የመንደር ሱቅ ምላጭ የያዘው ጎረቤቱ የተሻለ መርጧል።

ሽፍታው እንቢ ላለው ደግሞ ቶንዶዝ አለ። በቢቸናም በሞጣም ፀጉር ቤት ንጉሡ እሱ ነው፤ መብራት እስኪጠፋ ድረስ። እስከ ሥሩ አለመላጨቱ እንደ ጉድለት ቢታይበትም፣ ፀጉሩን ከቆዳ በታች ስለማይቆርጠው ሐኪሞች ይወዱታል።

የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ በጢም ላይ ግብር ጥሎ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? የከፈለ ሰው «ገንዘቡ ተከፍሏል» የሚል ጽሑፍ ያለበት የብረት ምልክት ይዞ ይዞር ነበር። ካህናት ነፃ ነበሩ። ገበሬም መንደሩ ውስጥ እስካለ ማንም አይነካውም፤ ከተማ ሲገባ ግን በር ላይ ይከፍላል። ሕጉ ጎጃም ቢደርስ የዲማ ጊዮርጊስ መምህራን በነፃነታቸው ቅኔ ሲቀኙ፣ ጤፍ ጭኖ ቢቸና ገበያ የሚወጣው ባላገር ለጢሙ ሊቀረጥ ነበር ማለት ነው።

በዚያው በቢቸና አገር በላይ ዘለቀ ጣሊያንን ሲፋለም በነበረባቸው ዓመታት ምላጭ ከአርበኛው ፊትና ራስ ርቆ ነበር። እስከ 1933 ዓ.ም. ድል ድረስ የቆዩትን አርበኞች ፎቶግራፍ ይመልከቱ፤ ጎፈሬው ትከሻ ይነካል፣ ጢሙ ደረት ላይ ይወርዳል። ከተማ ሲገቡ ማን እንደሆኑ ለማንም መናገር አላስፈለጋቸውም።

ቁንጮ፣ ጋሜ፣ ሳዱላ፦ ሦስቱም ምላጭ የት እንደደረሰና የት እንዳልደረሰ የሚያሳዩ የፀጉር ዓይነቶች ናቸው፤ የሰውን ዕድሜና ደረጃ ከሩቅ ይናገሩ ነበር። ሐዘን የደረሰባት ሴት ራሷን ስትላጭ ሐዘን የደረሰበት ወንድ ደግሞ ጢሙን አለመላጨቱስ አይደንቅም? በእስልምና ሱና ደግሞ የሕፃን ፀጉር በተወለደ በሰባተኛው ቀን ይላጫል፤ በፀጉሩ ክብደት ልክም ብር ይመጸወታል።

ዮሴፍ ከእስር ቤት ተጠርቶ ፈርዖን ፊት ከመቅረቡ በፊት መጀመሪያ ያደረገው መላጨት ነው። የዳዊት መልእክተኞች ግን ዕድላቸው ጠመመ፤ የአሞን ንጉሥ ግማሽ ጢማቸውን ላጭቶ ሰደዳቸውና ጢማቸው እስኪያድግ ኢያሪኮ እንዲቆዩ ታዘዙ። ዳዊት የደገመ ሁሉ መዝሙር 51ን ያስታውሳል፤ ሸንጋይ ምላስ እዚያ ላይ ከተሳለ ምላጭ ጋር ተመሳስላለች።

«ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ፣ ውሃ ቢያንቅ በምን ይውጡ» የሚለውን የማያውቅ የለም። ምላጭ የጢም ብቻ ሳይሆን የሕክምናም መሣሪያ ነበርና ነው። እብጠት ይበጡበታል፤ ዋግምት የሚያውቅ ሰው ቀንዱን ከመትከሉ በፊት ቆዳውን ጫር ጫር የሚያደርገው በእሱ ነው። እንግሊዝ አገርም ቢሆን ፀጉር ቆራጭና ቀዶ ሐኪም በአንድ ማኅበር ታቅፈው የኖሩ ሲሆን በይፋ የተለያዩት እ.ኤ.አ. በ1745 ነው።

በ1990ዎቹ ትምህርት ቤት የነበረ ሁሉ «ስለታም ነገሮችን በጋራ አለመጠቀም» የሚለውን በቃሉ ይወጣዋል። ምክሩ ለኤች አይ ቪ ቢነገርም ለጉበት በሽታው ሄፓታይተስ ቢ የባሰ ይሠራል። ይህ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ፣ ቢያንስ 7 ቀን መኖር ይችላል። በበዓል ዋዜማ ወረፋ በበዛበት ፀጉር ቤት ምላጩ ከወረቀቱ ዓይንዎ እያየ ይውጣ፤ ወይም የራስዎን ይዘው ይሂዱ። ባለሙያው አይቀየምም። ከተቀየመ ሌላ ቤት አለ።

የተላጨ ፀጉር ወፍሮና ጠቁሮ ይበቅላል የሚለው ወሬ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት እንደተፈተነ ያውቁ ኖሯል? ሚልድረድ ትሮተር የተባለች አሜሪካዊት የአካል አወቃቀር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1928 የተላጩ ወንዶችን ፀጉር ለክታ ለውጥ አላገኘችበትም። ወፍሮ የሚመስለን ጫፉ ተቆርጦ ደልደል ስለሚል ነው። ስለዚህ «ቶሎ እንዲወጣልኝ» እያለ ለስላሳ አገጩን በስውር የሚፍቅ ጎረምሳ እባካችሁ ይነገረው።

መሞከር ለሚሻ አሠራሩ እንዲህ ነው። እሑድ ጠዋት፣ የሚያጣድፍ ነገር በሌለበት ሰዓት፣ ማንቆርቆሪያው ይጣድ። ፊት በሙቅ ፎጣ ይሸፈን። ጢሙን በጣት ወደላይም ወደታችም ዳበስ ያድርጉት፤ ለጣት የሚሻክረው ከአበቃቀሉ በተቃራኒ ሲሄድ ነው፤ ብዙ ሰው አንገቱ ላይ ፀጉሩ ወደ ጎን እንደሚዞር የሚያውቀው ገና ያኔ ነው። የረጠበውን ብሩሽ ሳሙናው ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል አሽከርክረው ጣባው ውስጥ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ በመጨመር ይምቱት፤ ትልልቁ አረፋ ጠፍቶ እርጎ ሲመስል ደርሷል። መላጫውን ከቆዳው 30 ዲግሪ ገደማ አዘንብለው በራሱ ክብደት ይልቀቁት፤ አይጫኑ። ጉዞው ከጣት ስፋት ብዙ አይብለጥ። ምላጩ ትክክል ሲሄድ ስስ የመቆረጥ ድምፅ ይሰማል፤ ዝም ካለ ማዘንበያው ስቷል። በአንድ ዙር ያልጠራውን እንደገና አረፋ ቀብተው ይመለሱበት፤ በደረቁ አይደገምም። በመጨረሻ ቀዝቃዛ ውሃ። ሎሚ የሚያሽ ሰው አለ፤ እኔ አልመክርም፤ ይለበልባል፣ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝም ቆዳ ያጠቁራል።

የዱሮው ተጣጣፊ ምላጭ ደግሞ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከመላጨት በፊት በለፋ ቆዳ ላይ ይፋተጋል፤ የሚፋተገውም ጀርባው ቀድሞ፣ ስለቱ ተከትሎ ነው፤ የተገላቢጦሽ ከሆነ ቆዳውም ስለቱም ይበላሻል። በዚህ ምላጭ ስሟ የገነነው የጀርመኗ ዞሊንገን ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ «የስለት ከተማ» የሚለውን ማዕረግ በይፋ ከስሟ ጋር ትጽፋለች። ጀማሪ ግን ባለ ሁለት አፏ ትበቃዋለች።

ያገለገለ ምላጭስ የት ይገባል? በ20ኛው መቶ ዘመን በተሠሩ ብዙ የአሜሪካ ቤቶች የመታጠቢያ ክፍሉ መስታወት ሣጥን ጀርባ ቀጭን ቀዳዳ ነበረው፤ ምላጩ በዚያ ተጥሎ ግድግዳው ውስጥ ይቀራል። ዛሬ ቤት የሚያድሱ ሠራተኞች ግድግዳ ሲያፈርሱ የዛገ ምላጭ ክምር ይዘረገፍባቸዋል። እኛ ዘንድ ምላጭ እንዲህ በቀላሉ ጡረታ አይወጣም፤ ከጢም በኋላ ልብስ ሰፊው ስፌት ይተረትርበታል፣ ቤተሰቡ ጥፍሩን ይቆርጥበታል፣ ለሁለት ተሰብሮም ተማሪው እርሳሱን ይቀርጽበታል። ከዚያ ሲያልፍ ክዳን ባለው ጣሳ አጠራቅመው ቢጥሉት፣ ባዶ እግሩን ጓሮ የሚሮጥ ሕፃን ይተርፋል።