ለበቅሎ ጀርባ የሚለካ ኮርቻ

ኮርቻ ሁለት ጊዜ ይሠራል። መጀመሪያ እንጨት ጠራቢና ቆዳ ሰፊ ይሠሩታል፤ ቀጥሎ የበቅሎዋ ባለቤት በጀርባዋ ልክ እየደለደለ፣ እያጠበቀና እያላላ የእሷ ያደርገዋል። ከገበያ የመጣ ኮርቻ ገና የማንም አይደለም። የላስታ አቀበትና ቁልቁለት ደግሞ የማንም ላልሆነ ኮርቻ ምሕረት የለውም።

ይምርሐነ ክርስቶስ በዚሁ በላስታ፣ ከላሊበላ ሰሜን ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ በጽድ ደን መሐል በዋሻ ውስጥ የታነጸ የዛጉዌ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ መኪና ከግርጌው ያደርሳል። መንገድ ሳይወጣ በፊት ግን የሚሄደው በእግር ወይም በበቅሎ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያን ሲዞርና ይህን ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ዘመኑ የበቅሎ ዘመን ነበር። ዛሬም ከላሊበላ በላይ ወዳለው ወደ አሸተን ማርያም ገዳም ለሚወጣ እንግዳ የተጫነች በቅሎ ትቀርባለች።

የኮርቻው አጥንት እንጨት ነው። ሁለት ሳንቃዎች ከጀርባዋ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ ከፊትና ከኋላ ቀና ያሉት እንጨቶች ያያይዟቸዋል። በሳንቃዎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት የአሠራር ጉድለት እንዳይመስላችሁ፤ የተሳፋሪው ክብደት አከርካሪዋን ሳይነካ በሁለቱ የጎን ጡንቻዎች ላይ እንዲያርፍ የተተወ ነው። ከሥር የሚነጠፈው ደልዳል ይህን ክፍተት ከደፈነው ኮርቻው ዋና ሥራውን አጣ ማለት ነው። ደልዳል ስለበዛም ምቾት አይመጣም፤ የማይገጥም እንጨት ላይ ጨርቅ መደራረብ በጠባብ ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ እንደማድረግ ነው።

በቅሎ አባቷን ሲጠይቋት “እናቴ ፈረስ ናት” ብትልም የጀርባዋ ነገር ወደ አባቷ ያደላል። ጫንቃዋ እንደ ፈረስ ጎላ አይልም፤ ጀርባዋም ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ኮርቻውን ባለበት የሚይዝ ነገር የላትም፤ አቀበት ላይ ወደ ኋላ፣ ቁልቁለት ላይ ወደ አንገቷ ይንሸራተታል። ለዚህ መልሱ ሁለት ጠፍር ነው። በደረቷ ላይ የሚያልፈው ኮርቻው ወደ ኋላ እንዳይሄድ፣ ከጅራቷ ሥር የሚዞረው ደግሞ ወደ ፊት እንዳይመጣ ይይዛሉ። ለሜዳ አገር የሆድ ማሰሪያው ብቻ ይበቃ ይሆናል፤ ላስታ ላይ ግን ሦስቱም ያስፈልጋሉ።

የሆድ ማሰሪያው የራሱ ጣጣ አለው። ብልህ በቅሎ ስትታሰር ሆዷን ትነፋለች፤ ጥቂት ከተራመደች በኋላ ትተነፍስና ጠፍሩ ይላላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው አንዴ አስሮ አይጨርስም፤ ጥቂት ይነዳና ደግሞ ያጠብቃል። ያልለፋ ጠፍር ዝናብ ሲነካው ይረዝማል፤ ሲደርቅ ደግሞ እየተኮማተረ ይጠብቃል። ክረምት ላይ ጠዋት የታሰረ ማሰሪያ ከዝናቡ በኋላ እንደገና ካልታየ፣ ኮርቻው ተሳፋሪውን ይዞ ወደ ጎን ይዞራል።

እርካቡም በሰው ይለካል። የድሮ ፈረሰኛ ባዶ እግሩን ስለነበር በትንሽ የብረት ቀለበት ውስጥ አውራ ጣቱን ብቻ ያስገባ ነበር። ወፍራም ጫማ ያደረገ የዛሬ እንግዳ ግን ሰፊ እርካብ ያስፈልገዋል። ጠባብ ከሆነ፣ ሲወድቅ እግሩ እዚያው ተሰንቅሮ ይጎተታል።

ዕቃ ማንጠልጠል ሲመጣ ሕጉ አንድ ነው፤ ግራው ቀኙን ያህል። በአንድ በኩል የስንቅ ስልቻ ከተሰቀለ በሌላው በኩል የውኃ ጀሪካን ይሰቀላል። ውኃው እየተጠጣ ሲቀል ደግሞ ከስልቻው ወደዚያ ማዛወር ግድ ነው። ከባዱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ የጎድን አጥንቷን ከሚደበድብ ወደ ላይ ተጠግቶ በመጫኛ ቢጠፈር ይሻላል። ጋቢው ተጠቅልሎ ከኮርቻው ኋላ ይታሰራል። የሚንቋቋ ጣሳ ግን ባይሰቀል ይመረጣል፤ ገደል አፋፍ ላይ የደነበረች በቅሎ ገመዷን ብቻ በጥሳ አትቀርም። ቃጭል ሲሆን ሌላ ነው፤ ድምፁን ለምዳዋለች፤ በጠባብ መንገድ ከወዲያ ለሚመጣውም ማስጠንቀቂያ ነው።

በላዩ የሚለብሰው ጥልፍ ግላስ የጌጥና የማዕረግ ነገር ነው። የባለቤቱን ክብር ያሳያል፤ የኮርቻውን ልክ ግን አይነግርም። ልኩ የሚታወቀው ሲወርድ ነው።

ተሳላሚው ከበቅሎ ወርዶ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ሲወጣ፣ ባለቤቱ ጽድ ሥር ኮርቻውን ፈትቶ ጀርባዋን ያያል። ላቡ ከግራና ከቀኝ እኩል ከሆነ ደህና ነው። በላብ በረጠበው መሐል መዳፍ የምታህል ደረቅ ቦታ ካለች ግን እዚያ ላይ እንጨቱ ተጭኖ ላብ እንኳ አላሳልፍም ብሏል። ዛሬ ደረቅ የሆነችው ቦታ ነገ ታብጣለች፤ ከነገ ወዲያ ገጣባ ትሆናለች፤ ከዚያ ቁራው ራሱ ያገኛታል። ስለዚህ ሰውዬው ተሳላሚው እስኪመለስ ድረስ ደልዳሉን ገልብጦ፣ በደረቋ ቦታ ትይዩ ያለውን ጉብታ በጣቱ እየፈለገ ይቆያል።