የሞተር ሳይክል ጭስ ማውጫ ጽዳት

የሞተር ሳይክል ጭስ ማውጫ (በተለምዶ ማርሚታ) በሞተሩ ውስጥ የተቃጠለውን ጋዝ የሚያስወጣ የብረት ቱቦ ነው። ብዙ ጊዜ ላዩ በስስ ክሮም ይለበጣል። እንደ ጉንችሬ ባሉ የጉራጌ ዞን ከተሞች የክረምት ጭቃ በጋለው ቱቦ ላይ ይጋገራል። በአሸዋ ወይም በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ መፈግፈግ ክሮሙን ጭሮ ብረቱን ለዝገት ያጋልጣል፤ ቱቦው ሲቀዘቅዝ ጭቃውን አርሶ በሳሙናና በጨርቅ ማጠብ ይሻላል። ቀላል ዝገት ውኃ በነካ አሉሚኒየም ፎይል ሲታሽ ይለቃል፤ አሉሚኒየም ከክሮም ይልቅ ለስላሳ ነውና። ከሙቀት የመጣ ሰማያዊ ቀለም ግን በሳሙና አይለቅም።

የውጭ ጽዳት የማይደርስበት ዝገትም አለ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 1 ሊትር ገደማ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል። ሞተሩ አጭር መንገድ ብቻ ከሄደ ቱቦው በደንብ ስለማይግል ውኃው ውስጡ ይቀራል፤ ከላይ የሚያብረቀርቅ ማርሚታም ውኃው በሚተኛበት በታችኛው በኩል ተበልቶ ይበሳል።