ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 13 ሰዓት፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 17 ሰዓት፦ ለምን?

ዛሬ ፖለቲካውን ለጊዜው እናቆየውና ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁት ጉዳይ እንነጋገር።

ከዋሽንግተን ደለስ እስከ አዲስ አበባ ቦሌ በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ አገር ቤት ስንሄድ ሳናርፍ 13 ሰዓት ገደማ በርረን እንደርሳለን። ስንመለስ ግን አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ያርፋል፤ ጉዞውም ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። ርቀቱ ያው ነው፤ ታዲያ አራቱ ሰዓት ከየት መጣ?

አንዳንዱ «አውሮፕላኑ አሮጌ ስለሆነ ነው» ይላል። አይደለም። የመጀመሪያው ምክንያት ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። የመንደርደሪያው ርዝመት ግን የተወሰነ ነው። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ግድ ይሆናል። መንገደኛ ከሚቀር ነዳጁ ይቀነስና መንገድ ላይ ይሞላል። ባለፉት ዓመታት ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ ለዚህ አገልግለዋል።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ላይ በሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ስንሄድ ከኋላ ይገፋናል፣ ስንመለስ ከፊት ይገጥመናል።

አሁን ወደ ቲኬቱ እንምጣ። እዚያ ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ነው። የሰዓት ልዩነቱ በሐምሌ 7፣ በጥር 8 ሰዓት ነው። በዚህ የተነሳ መሄጃው 20 ሰዓት፣ መምጫው 10 ሰዓት ብቻ ይመስላል።

እኔም በዚህ ተሳስቻለሁ። እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ቲኬቷን አይቼ፣ «እማዬ፣ አሥር ሰዓት ብቻ ነው፤ ተኝተሽ ትደርሻለሽ» አልኳት። አምናኝ የደም ግፊት ክኒኗን ሻንጣዋ ውስጥ ከትታ አስረከበች። አውሮፕላኑ ለነዳጅ ሲያርፍ አሜሪካ የገባች መስሏት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። አንዲት ልጅ «እማማ፣ ይቀመጡ፤ ገና ነው» ብላ ባትመልሳት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ቀሪውን መንገድ ያለ መድኃኒት፣ «ልጄ ዋሸኝ» እያለች ነው የመጣችው።

እናንተ እንዲህ አታድርጉ። ትክክለኛውን ሰዓት ንገሯቸው። የመጀመሪያው ማረፊያ አሜሪካ አለመሆኑን በአማርኛ ጽፋችሁ ስጧቸው። መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳ ይሁን። ዊልቸር የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ቀደም ብላችሁ አስመዝግቡ። እግራቸው እንዳያብጥ በየመሀሉ ተነስተው እንዲንቀሳቀሱ ምከሯቸው።

በቢሾፍቱ አካባቢ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ያ ሲሆን አውሮፕላኖች የበለጠ ነዳጅ ይዘው መነሳት ይችላሉ። ነፋሱን ግን የሚያዞረው የለም። ከቦታው የሚነሱት ገበሬዎች ጉዳይም ሳይነሳ መታለፍ የሌለበት ነው፤ በሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

እስከዚያው ወላጆቻችሁን በሰላም ተቀበሉ።