ብርሃን ልኮ ድምፅ የሚያዳምጥ ምርመራ

ከይርጋጨፌ አቅራቢያ ባለችው አሪቻ ቡና ሲደርስ ለቃሚዎች ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው ቅጠል መሀል ወዲያው ይለዩታል። ሐኪም በሰውነት ውስጥ ዕጢ ሲፈልግ ግን ገና ትንሽ የሆነው ዕጢ ከጤነኛው ሥጋ እምብዛም አይለይም። በሲቲ ስካንና በኤምአርአይ ምርመራ ወቅት ለታካሚው በደም ሥሩ «ኮንትራስት» የሚሰጠውም ልዩነቱን ለማጉላት ነው። የዛሬው እንግዳችን ገና በምርምር ላይ ያለ የኮንትራስት ዓይነት ነው፤ ፎቶአኩስቲክ ለተባለው፣ ብርሃንንና ድምፅን ለሚያጣምረው ምርመራ የሚሠራ የወርቅ ናኖ ቅንጣት።

የምርመራው መሠረት የቆየ ነው። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1880 እየተቆራረጠ የሚያርፍ ብርሃን ቁስ አካልን ድምፅ እንደሚያሰጠው አስተዋለ። ዛሬ መሣሪያው እጅግ አጭር የሌዘር ብልጭታ ወደ ሰውነት ይልካል። ብርሃኑን የመጠጠው ክፍል በጣም በጥቂቱ ይሞቅና ይለጠጣል፤ መለጠጡም የድምፅ ሞገድ ይፈጥራል። ሞገዱን የአልትራሳውንድ መቀበያ ይሰማዋል፤ ኮምፒውተሩ ወደ ምስል ይለውጠዋል። ብርሃን ሥጋ ውስጥ ሲገባ ይበታተናል፤ ድምፅ ግን የሚበታተነው ከብርሃን እጅግ ባነሰ መጠን ስለሆነ እስከ ጥቂት ሴንቲሜትር ጥልቀት ጥርት ያለ ምስል ይገኛል። ኤክስሬይ የሚባል ጨረርም የለበትም።

ደም ራሱ ብርሃን ስለሚመጥ ያለ ኮንትራስትም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ለጡት ምርመራ የተፈቀደው ኢማጂዮ የተባለ መሣሪያ የሚያነበው ይህንኑ ነው። የወርቅ ቅንጣቱ የሚጨምረው ደም ብቻውን የማይናገረውን ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ሲሆን የቅንጣቱ ርዝመት በአሥሮች የሚቆጠር ናኖሜትር ብቻ ነው። በዘንግ ቅርጽ ሲሠራ፣ የርዝመቱና የውፍረቱ ምጣኔ የትኛውን ብርሃን እንደሚመጥ ይወስናል። የዕጢን ሕዋስ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ሲለብስም ወደ ዕጢው እንዲጠጋ ማድረግ ይቻላል። አስቸጋሪው ነገር ብዙው ቅንጣት ጉበትና ጣፊያ ውስጥ መቅረቱ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ቢቆይ ጉዳት እንደማያመጣ መረጋገጥ አለበት።

እኛን በቀጥታ የሚነካን ሌላ ጉዳይ አለ። የቆዳችንን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ብርሃንን ይመጥጣል። ስለዚህ በጠቆረ ቆዳ ላይ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ብርሃን ያንሳል፤ ከቆዳው የሚነሳው ድምፅም ምስሉን ይረብሻል። በጣት ላይ የሚደረገውና እሱም በብርሃን የሚሠራው የኦክስጅን መለኪያ ትምህርት ሰጥቶናል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት መሣሪያው የጥቁር ታካሚዎችን የኦክስጅን መቀነስ ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ አብልጦ እንደሚስት አሳይቷል። የሜላኒን ብርሃን የመምጠጥ አቅም የሞገዱ ርዝመት በጨመረ ቁጥር ስለሚቀንስ፣ ከ1,000 ናኖሜትር በላይ በሆነ ብርሃን የሚሠሩ ቅንጣቶች ተስፋ ይሰጣሉ።

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው ነው። የዲላም ሆኑ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደዚህ ምርምር መግባት ያለባቸው መሣሪያው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ሳይሆን አሁን ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ያልተፈተነ መሣሪያ ለእኛ እናቶች ይሠራል ብሎ ማመን አይገባም።