ቂም ይዞ ጾም

ቅበላ ሲገባ ሰፈራችን ይታወቃል። ከቄራ እስከ ጎፋ፣ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ ሥጋ ቤቶች በሰው ይሞላሉ። በየቤቱ ሽሮው ይሰናዳል፣ በርበሬው ይፈጫል፣ ሱፍና ተልባው ይቆላል። ድስቱና መጥበሻው ከቅባት እስኪጠራ ይታጠባል። ለ55 ቀን የሚሆነው ሁሉ ከወዲሁ ይታሰባል። ለሆድ የምናደርገው ዝግጅት ይህን ያህል ነው። ለልባችንስ?

እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን የጎረቤት ደም ግፊት እለካለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ። ሰው መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን ኑሮውንም ስለሚያጫውተኝ ጾም በየቤቱ እንዴት እንደሚያዝ የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ከእህል ለመከልከል የሚቸገር ሰው ያየሁት ጥቂት ነው። ብዙውን ሰው የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው።

አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። ሳል ያለበት ሌባ ምንም ያህል ቢጠነቀቅ ሳሉ ያጋልጠዋል። ቂም የያዘ ሰውም እንዲሁ ነው። አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል፤ ስለ ይቅርታ የሚናገረው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ያ የበደለው ሰው ፊቱ ላይ ድቅን ይልበታል።

የተከደነ ቁስል

መግል የቋጠረ እብጠት ከላይ ስላሸጉት አይድንም። ይከፈታል፣ መግሉ ይወጣል፣ ውስጡ በደንብ ይታጠባል። ከዚያ በኋላም አፉ ቶሎ እንዳይገጥም በፋሻ ይያዛል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ቁስል መዳን ያለበት ከሥር ወደ ላይ ነው። ላይኛው ቆዳ ቀድሞ ከገጠመ ለዓይን የዳነ ይመስላል፤ መግሉ ግን ከሥር እንደገና ይቋጥራል።

ቂምም እንዲሁ ነው። «ትቼዋለሁ፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» እንላለን፤ የሰውየው ስም ሲነሳ ግን ፊታችን ይለዋወጣል። በዚህ ላይ ጾም፣ ስግደትና ምጽዋት ብንጨምርበት ከላይ ያማረ ፋሻ እንደማሰር ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የተቆጣው እየጾሙ የሚጣሉትንና የሚጨቃጨቁትን ነው። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንዳዘነበት ካሰበ መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ አዟል። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ፦ እርቁ ይቀድማል፣ መባው ይከተላል።

ቤተ ክርስቲያንም ለዚህ ጊዜ ሰጥታናለች። ጾመ ነነዌ ከሚጀመርበት ሰኞ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ሰኞ ድረስ 14 ቀን አለ። የነነዌ ሰዎች በሦስት ቀን ጾም ልባቸውን መለሱ። የሚገርመው ግን ሰባኪው ዮናስ ነው። ሕዝቡ ሲማር እርሱ ተቆጣ፤ ይቅር መባላቸው አልዋጥልህ አለው። ስለ እግዚአብሔር እየተናገሩም ልብ ሳይዘጋጅ መቅረት እንደሚቻል ከዚህ በላይ ምን ያሳየናል?

በዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት ደግሞ መፃጉዕን እናስባለን። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ተኝቶ የነበረውን፣ 38 ዓመት በሕመም የኖረውን ሰው ጌታ መጀመሪያ የጠየቀው መዳን ይፈልግ እንደሆነ ነው። ሰውየው «አዎን» አላለም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው፣ ሌሎች እንደሚቀድሙት ተናገረ። እኛም ስለ ልባችን ስንጠየቅ የምንመልሰው ብዙ ጊዜ ሌሎች ስላደረጉብን ነገር ነው።

የአንዲት እናት ጾም

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዲት እናት የእግር ቁስል ለማጠብ በየሁለት ቀኑ ቤታቸው እመላለስ ነበር። ስማቸው ይቆየን፤ እማማ ልበላቸው። 70 ዓመት ያለፋቸው፣ ኢንሱሊን የሚወጉ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ከበኩር ልጃቸው ጋር ለዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። አባትየው ሲሞቱ ልጁ የውርስ ድርሻዬን ብሎ እናቱን ፍርድ ቤት አቆመ። ቤቱ ተሸጠ፤ እማማም ከሴት ልጃቸው ጋር ኪራይ ቤት ገቡ። ልጁ የሚኖረው በታክሲ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ነው፤ የልጅ ልጆቻቸውን ግን በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

እማማ ሐኪም ቢከለክላቸውም ጾም ይዘው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆዩ ነበር። በዘወረደ ሳምንት አንድ ቀን ስደርስ ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ተዘበራርቆ አገኘኋቸው። ስኳር በውኃ በጥብጬ አጠጣኋቸው። ነፍሳቸው ሲመለስ «ጾሜን አስፈታሽኝ» ብለው ተቆጡኝ።

ልጃቸው የንስሐ አባታቸውን ጠራች። ካህኑ ሁሉን ሰምተው በቀስታ እንዲህ አሏቸው፦ «እናቴ፣ ከእህል መጾሙ ለእርስዎ አልተፈቀደም። ከቂም መጾሙን ግን የሚከለክልዎት ሐኪም የለም።»

እማማ ዞረው አዩኝና «ሲስተር፣ ሰማሽ? ይሄኛውስ ይከብዳል» አሉ።

እውነትም ከበዳቸው። ልጃቸውን «ያ ሰውዬ» እንጂ በስሙ አይጠሩትም ነበር። ካህኑ ያዘዟቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማታ ማታ ሲጸልዩ የክርስትና ስሙን እንዲያነሱ። የመጀመሪያውን ሳምንት ስሙ ከአፋቸው አልወጣም። በሁለተኛው እያለቀሱ ጠሩት። በመፃጉዕ ሳምንት ሴት ልጃቸውን «ደውዪለት» አሏት። እኔ ፋሻ እየጠቀለልኩ ነበር። «ደኅና ነህ?» አሉት። «ደኅና ነኝ እማዬ» አለ። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። በዚያ ቀን የተነጋገሩት ይኸው ነው።

ለሆሣዕና ዋዜማ ልጁ ሁለት ልጆቹን ይዞ መጣ። ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። እማማ ወዲያው አልመረቁትም። «ያደረግኸው አሞኛል፤ ዛሬም ያመኛል። ግን ከዚህ በላይ ልሸከመው አልችልም» አሉት፤ መረቁት፤ ሕፃናቱንም አቀፉ። ቤቱ አልተመለሰም። እግራቸውም በተአምር አልዳነም፤ በዚያው ክረምት አንድ ጣታቸው ተቆርጧል። ነገር ግን በዚያ ጸብ ምክንያት ከቁርባን ርቀው የኖሩት እናት በንስሐ አባታቸው ምክር ለመቁረብ በቁ። ልጁም ሆስፒታል አልጋቸው አጠገብ አድሮ አስታመማቸው።

ከየት እንጀምር?

መንፈሳዊ እድገት ዘር እንደ መዝራት ነው፤ የዘሪው ምሳሌ በማቴዎስ ምዕራፍ 13 ይህንን ያስተምረናል። በአራቱም መሬት የወደቀው ዘር አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመሬቱ ነው። ጤፍ የሚዘራ ገበሬም መሬቱን ደጋግሞ አርሶ ጓሉን ሳያለሰልስ ዘሩን አይበትንም። ስብከት መስማት፣ መጽሐፍ ማንበብ፣ ማስቀደስ ሁሉ ዘር ነው። እርሻው ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ስለዚህ የተጣሉትን ሰው በጸሎት በስሙ በማንሳት ይጀምሩ። ሁለተኛ፣ ሕመሙን አያድበስብሱት፤ ለንስሐ አባትዎ ወይም ምሥጢር ለሚጠብቅ ሰው እንዳለ ይንገሩ። መግሉ የሚወጣው በዚህ ነው። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው እርምጃ ትንሽ ይሁን፤ አንድ የስልክ ሰላምታ ወይም አንድ አስታራቂ ሽማግሌ ይበቃል። ቁስሉ ከሥር እስኪድን ጊዜ ይስጡት።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ይቅርታ ማለት ወደ ዱላ መመለስ አይደለም። ባሏ ደብድቧት ስትመጣ ያከምኳት፣ «ቻይው» ተብላ ተመልሳ ሌላ ቀን ተሰብራ የመጣች ሴት አውቃለሁ። ከልብ ይቅር ብሎ ከሚጎዳ ሰው ርቆ መኖር ይቻላል፤ ሕግን መጠየቅም ቂም አይደለም።

ሕመምተኞችም፣ በተለይ ኢንሱሊን የምትወጉና የስኳር ኪኒን የምትወስዱ፣ ከጾሙ በፊት ሐኪማችሁንና የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ጾሙ ለእናንተ አልተዘጋም፤ የልቡ ድርሻ አለላችሁ።

የጾም ሥርዓታቸው ከእኛ የሚለይ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ጎረቤቶች አሉኝ። ስለ መባና ስለ እርቅ የሚያነቡት ወንጌል ግን አንድ ነው። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ለሁላችንም ነው።

ዐቢይ ጾም ሊገባ የቀሩት ቀናት ናቸው። ስልክዎ ውስጥ ለዓመታት ሳይደውሉበት፣ ሳይሰርዙትም የኖረ ቁጥር ካለ፣ ዛሬ ማታ ባይደውሉለት እንኳ ስሙን በጸሎት ይጥሩት።