ምዕራፍ ሰባት፦ ስለ ጠፋ ፉቴጅና ስለ አድራሻው

በደብረ ታቦር የሠርግና የጥምቀት ፊልም ከሚያቀናብሩት ስቱዲዮዎች በአንዱ፣ ትናንት የተሠራው ሥራ ዛሬ ሲከፈት በሙሽራዪቱ ፊት ፈንታ ነጭ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ እያለ በቁመት የተሰለፈ የቀለም ዘንግ ብቅ ያለ እንደ ሆነ፣ ከተሰበሰቡት አንዱ «ቫይረስ ነው»፣ ሌላው «ሀርድ ዲስኩ ተቃጥሏል»፣ ሦስተኛውም «ፕሮግራሙን አጥፍተህ እንደገና ጫነው» ማለታቸው የተለመደ ነው። እኔ በተለይ ይህን የመጨረሻውን ምክር በሰማሁ ቁጥር የምቆጣው፣ ወጣቱን ባለሙያ የመሣሪያውን ጠባይ ከመመርመር አርቆ ወደ ግምትና ወደ ድንጋጤ ስለሚሰደው ነው። አፍተር ኢፌክትስ እነዚያን ዘንጎች የሚያሳየው በተነገረው አድራሻ ሄዶ ፋይሉን ያጣው ጊዜ ነው፤ በፕሮጀክት ፓነሉም ላይ የዚያው ፋይል ስም በሰያፍ ፊደል ተጽፎ ይታያል። ፋይሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለበት በሰላም ተቀምጧል።

ፕሮግራሙ በ1993 እ.ኤ.አ. ኮሳ በተባለ ትንሽ ኩባንያ በአሜሪካ ፕሮቪደንስ ከተማ ከተሠራ ጀምሮ ጠባዩ ይኸው ነው፤ የፕሮጀክቱ ፋይል ፊልሙን በሆዱ አይሸከምም። ማስረጃውም ከዐይን የተሰወረ አይደለም፤ የቀረጻው ፎልደር በመቶ የሚቆጠር ጊጋባይት ሲሞላ ፕሮጀክቱ በጥቂት ሜጋባይት ያልቃል። የዚህን ምሥጢር ለማስረዳት ከባዕድ አገር ምሳሌ መበደር አያሻንም፤ በእኛው በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ የቤተልሔም የድጓ ጉባኤ ቤት አለልን።

ድጓን የገለጠ ሰው በግዕዙ ቃል ራስ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፉ ምልክቶችን ያያል፤ እነዚህንም ያዘጋጇቸው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሆኑ አበው ይተርካሉ። ምልክቱ ዜማውን አልያዘም፤ ከሌላ የታወቀ ቃል የተቀነጨበ አንድ ወይም ሁለት ሦስት ፊደል ሆኖ «ያንን ባዜምህበት ዜማ ይህንንም አዚም» እያለ ደቀ መዝሙሩን ወደ ልቡናው ጓዳ ይመራዋል እንጂ። መጽሐፉ ፕሮጀክቱ ነው፤ ምልክቱ አድራሻው ነው፤ በልቡና የተቀመጠው ዜማ ፉቴጁ ነው። ዜማውን ያልቀጸለ ተማሪ ምልክቱን እያየ ዝም ቢል፣ መጽሐፉ ተበላሽቷል ብሎ ድጓውን በእሳት የሚያቃጥል መርጌታ ከወዴት ይገኛል? ፕሮግራሙን አጥፍተህ ጫነው የሚለው ሰው ግን ይህንኑ ይመክራል።

እንግዲህ እስካሁን ያልነው፣ ዘንጉ የአድራሻ መሳት ምልክት መሆኑንና ፕሮጀክቱ አድራሻ እንጂ ምስል እንደማይይዝ ነው። አድራሻው ለምን ይስታል?

ከምክንያቶቹ ሁሉ በእኛ አገር የሚበዛው የሀርድ ዲስክ መዘዋወር ነው። ባሕር ዳር ላይ ኢ ድራይቭ ተብሎ የተከፈተው ተንቀሳቃሽ ዲስክ ደብረ ታቦር ደርሶ ፍላሽ ከቀደመው ከሌላ ላፕቶፕ ጋር ሲገናኝ ኤፍ ድራይቭ ይባላል፤ በመኪናው ጉዞም ሆነ በዲስኩ ላይ አንዳች ነገር ሳይደርስ፣ በአንዲት ፊደል ለውጥ ብቻ አድራሻው ሁሉ ሐሰት ይሆናል። የዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። በዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት ገብተህ ለዲስኩ የቀድሞ ፊደሉን መልስለትና ፕሮጀክቱን እንደገና ክፈተው፤ አንድም ፋይል ሳትነካ ሁሉም ይመለሳል። ፕሮጀክቱና ፉቴጁ በአንድ ፎልደር አብረው የተጓዙ እንደ ሆነም ፕሮግራሙ ከራሱ ቦታ ተነሥቶ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ያገኛቸዋል።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ነው ወደ ሪሊንክ፣ ማለትም ፋይሉን ከፕሮጀክቱ ጋር እንደገና ወደ ማገናኘት የሚገባው። ከፋይል ወደ ዲፔንደንሲስ ሂደህ ፋይንድ ሚሲንግ ፉቴጅን ስትጫን የጠፉት ብቻ ተለይተው ይወጣሉ፤ ከእነርሱ አንዱን መርጠህ ኮንትሮልንና ኤችን በአንድነት ተጫንና ትክክለኛውን ፋይል አሳየው። በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙ የቀሩትን በዚያው አካባቢ ራሱ ፈልጎ፣ ቀድሞ ጠፍተው የነበሩ ይህን ያህል ፋይሎች ተገኝተዋል ብሎ ያበሥርሃል። ፎልደሮቹ የቀድሞ ሥርዐታቸውን ጠብቀው ከቆዩ አንዱን መመለስ መቶውን መመለስ ነው፤ «ለማስተካከል» ተብሎ ፋይሎቹ ከየቦታቸው ተሰብስበው በአንድ ፎልደር ከተጠቀጠቁ ግን ይህ ጸጋ ይቀራል። ስለዚህ ዘንግ ያየ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እጁን ይሰብስብ፤ አያዛውር፣ ስም አይለውጥ፣ አያጥፋ።

ከዘንጉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን በሐሰት የተገናኘው ነው። አንድ ወቅት የጥምቀትን በዓል የሚያሳይ አጭር ፊልም ቀረበልኝና፣ ሪሊንክ ተደርጎ ዘንጎቹ ሁሉ ስለ ጠፉ ባለቤቶቹ ደስ ብሏቸው ነበር። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ሊያሳይ በሚገባው ክፍል፣ ከምስሉ ሥር በግዕዝ ፊደል «ከተራ፣ ጥር 10» የሚል ጽሑፍ በወርቅ ቀለም ይፈስሳል። እኔ ግን የካህናቱን ጥላ አየሁ። ከተራ ከቀትር በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስላዘነበለች ጥላው ወደ ምሥራቅ ሊዘረጋ ይገባዋል፤ በዚያ ምስል ግን ጥላው ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ ነበር፤ ከምእመናኑም የብዙዎቹ ነጠላ ከጸበሉ ርሷል። የጥር 11 ማለዳ በጥር 10 ጽሑፍ ሥር ገብቷል ማለት ነው። ካሜራው ካርዱ በጸዳ ቁጥር ቁጥሩን ከ1 የሚጀምር ስለ ነበር በሁለቱም ቀን ሲ0014 የሚባል ፋይል ተወልዷል፤ ፕሮግራሙም ስሙን ጠየቀ፣ ስሙን አገኘ፣ ተረጋጋ።

እነሆ ምሳሌያችን እዚህም ላይ አይጥለንም! የቤተልሔምን ዜማና የአጫብርን ዜማ የሰማ ሰው እንደሚያውቀው፣ ቃሉ አንድ ሲሆን የሁለቱ ቤቶች ድምፅ ይለያያል፤ የቤተልሔሙ ተማሪ በአጫብር ቤት ማኅሌት ቢቆም፣ መጽሐፉ ያው፣ ቃሉ ያው፣ ነገር ግን ልቡናው የሚያቀርብለት ዜማ ሌላ ነው። ሲ0014ም እንዲሁ ነው፤ ስሙ አንድ፣ አድባሩ ሁለት። ስለዚህ ሪሊንክ ያደረገ ሰው ስም በመግጠሙ ብቻ አይርካ፤ ርዝመቱን፣ የተቀረጸበትን ሰዓትና የምስሉን መጠን ከቀድሞው ጋር ያስተያይ፣ ጥላውንም ይመልከት።

ስለ ስም ከተነሣ፣ ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር ስከራከርበት የኖርኩትን ነገር ሳልናገር አላልፍም። «ፋይልን በአማርኛ አትሰይም፣ ችግሩ ከዚያ ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር ሰነፍ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከገባ ወዲህ የዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች የእኛን ፊደል እንደ ማንኛውም ፊደል ይይዙታል፤ ስሙን ወደ ሳጥንና ወደ ጥያቄ ምልክት የሚለውጡ ያረጁ የማመቂያ ፕሮግራሞች ቢኖሩ ነቀፋው ለእነርሱ ነው። ችግሩ ያለው በእኛ የጽሕፈት ልማድ ነው። አንዱ ፎልደሩን «ሠርግ» ይለዋል፣ ባልደረባው ቅጂውን «ሰርግ» ይለዋል፤ ለአንባቢ ጆሮ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ንጉሡ ሠ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ 1220፣ እሳቱ ሰ ደግሞ 1230 ስለ ሆኑ እንደ ሀና እንደ መ የተለያዩ ናቸው። ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ዐይኑ ዐ፣ ፀሐዩ ፀ፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። በላቲን ጻፉ የሚሉንስ ምን አተረፉልን? ያንኑ ቃል አንዱ አናባቢ ጨምሮ፣ ሌላው ቀንሶ፣ ሦስተኛው ፊደል ደርቦ ይጽፈዋልና ልዩነቱ ከሁለት ወደ አምስት ያድጋል። ሊቃውንቱ በጥንቃቄ ያቆዩልንን የሠንና የሰን ልዩነት ጠብቆ መጻፍ የሥነ ጽሑፍ ጌጥ ብቻ መስሎን ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የስቱዲዮ ሥርዐት ሆኗል።

በቁጥር ተከታትለው ስለሚመጡ ነጠላ ምስሎች አንድ ነገር ልጨምር። በሴኮንድ በ25 ምስል የተሠራ የ10 ሴኮንድ ቅንብር 250 ፋይል ነው፤ ከመካከሉ አንዱ ቢጎድል ዘንጉ ለዚያች ቅጽበት ብቻ ብልጭ ብሎ ያልፋል። ፎርስ አልፋቤቲካል ኦርደር የሚለውን ሳጥን መምረጥ ብልጭታውን ያስወግዳል፤ ነገር ግን ክፍተቱን ስለሚዘጋ ከዚያ በኋላ ያለው ምስል ሁሉ በአንድ እርምጃ ይቀድማል፣ ከድምፁም ይለያል። የጎደለውን ምስል እንደገና ሬንደር ማድረግ ይሻላል።

አንባቢ ሆይ፣ ሥራህን ለባለቤቱ ከማስረከብህ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ከመላክህ በፊት፣ ከፋይል በዲፔንደንሲስ በኩል ኮሌክት ፋይልስን ተጠቅመህ ፕሮጀክቱንና ፉቴጁን በአንድ ፎልደር ሰብስብ፤ ሪፖርቱ የተጠቀምክበትን የግዕዝ ፎንት ስም ይመዘግብልሃል እንጂ ፎንቱን ራሱን ስለማይቀዳልህ እርሱን በእጅህ ጨምር። ከዚያም የመጀመሪያውን ዲስክ ነቅለህ፣ የሰበሰብኸውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈተው፤ አንድ ዘንግ እንኳ ቢታይህ ሥራው ገና አላለቀምና አታስረክብ።